ከጎንደር እስከ ደብረ ታቦር፦ የአንድ የጨዋታ ካርታ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ

የጀመርኩት ሥራ ከጎንደር እስከ ደብረ ታቦር ያለውን አገር፣ በስተ ምዕራብ ጣናን በስተ ምሥራቅ ደግሞ የበለሳን ዳር ይዞ፣ ባትል ፎር ዌስኖዝ ለተባለው በተራ የሚደረግ የኮምፒውተር የጦር ጨዋታ ካርታ አድርጎ ማዘጋጀት ነው። ጨዋታው በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ማንም ያለ ክፍያ አውርዶ የሚጫወተው፣ የተሠራበትም ኮድ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው። ሜዳው ስድስት ጎን ባላቸው ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን ተጫዋቾች ሄክስ ይሏቸዋል። እያንዳንዱ ሄክስ የራሱ የመሬት ዓይነት አለው፤ ሣር፣ ኮረብታ፣ ተራራ፣ ጫካ፣ ረግረግ፣ ጥልቅ ውኃ ወይም መንደር ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ ተዋጊም በየተራው የተወሰነ የጉዞ ነጥብ ስለሚሰጠው በምን ዓይነት መሬት ላይ ምን ያህል እንደሚሄድ የሚወስነው ይኸው ነጥብ ነው። ካርታው ራሱ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። እያንዳንዱ ሄክስ በአጭር የፊደል ምልክት ይጻፋል፣ ምልክቶቹ በነጠላ ሰረዝ ይለያያሉ፣ የካርታው አንድ ረድፍ በፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር ይሆናል። ስለዚህ ከጨዋታው ጋር አብሮ በሚመጣው የካርታ ማዘጋጃ በብሩሽ መቀባትም፣ ፋይሉን በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ በእጅ ማስተካከልም ይቻላል፤ እኔ ሁለቱንም እየተጠቀምኩ ነው።

የመረጥኩት ዘመን 1845 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በኅዳር ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን፣ በሚያዝያ ታኩሳ ላይ ራስ አሊ የላኩትን ጦር፣ በሰኔ ደግሞ ጎጃም ውስጥ አይሻል ላይ ራስ አሊን ራሳቸውን ድል አደረጉ። ካርታው ከእነዚህ ውጊያዎች አንዱንም ደግሞ የሚያሳይ አይደለም። የምፈልገው ሁለት ተጫዋቾች፣ አንዱ ከጎንደር ሌላው ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ የዚያ ዘመን ሠራዊት የተጓዘበትን አገር በዚያው ክብደቱ እንዲያገኙት ነው። የቦታዎቹን ስም በዛሬው አጠራር የያዝኩት አንባቢ ቦታውን እንዲያውቀው ብዬ ነው።

ልኩን አንድ ሄክስ ሦስት ኪሎ ሜትር አድርጌዋለሁ። ተራ እግረኛ በየተራው አምስት የጉዞ ነጥብ አለው፤ ሜዳ ላይ አንድ ሄክስ አንድ ነጥብ ስለሚፈጅ በአንድ ተራ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ይህም ጓዝ፣ አጋሰስና ስንቅ ተሸካሚ ያስከተለ ሠራዊት በደህና ቀን የሚጓዘውን ያህል ነው። ሠራዊት ግን በየቀኑ አይጓዝም፤ ሰንበት አለ፣ ቀለብ መሰብሰብ አለ፣ የከብት ማሳረፊያ አለ፤ ስለዚህ አንዱን ተራ እንደ ሁለት ቀን ቆጥሬዋለሁ። ጎንደርና ደብረ ታቦር በቀጥታ መስመር አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ሁለቱንም ከነዙሪያቸው ለመያዝ ካርታው 40 ሄክስ ወርድና 36 ሄክስ ቁመት ኖሮታል። ለሁለት ሰው ጨዋታ ሰፊ የሚባል ነው፤ ነገር ግን ርቀቱ የዚህ አገር ጦርነት ግማሽ አካል ስለሆነ ማሳነሱን አልወደድኩትም።

ጥቅምት መግቢያ

በዚህ ሳምንት የሠራሁት የመሬቱን ዓይነት መደልደል ነው፤ ሥራው ሁሉ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ካርታ ሲሠራ እጅ የሚሳበው ወደ መልኩ ነው፤ ከሳተላይት ፎቶ የተገለበጠ የጣና ዳርቻ፣ በትክክል የተጠማዘዘ ወንዝ ዓይንን ያስደስታል። ተጫዋቹ ግን ካርታውን የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በሚከፍለው ነጥብ ነው። አንድ ቦታ በእግር ሲሄዱት ሩቅ ከሆነ በጨዋታውም ሩቅ ሊሆን ይገባል፤ በፎቶ ላይ ያለው ቅርጽ ከዚህ ጋር ሲጋጭ የሚለቀው ቅርጹ ነው። ሥራውን የምመራው በዚህ መርሕ ነው።

የእግረኛው ዋጋ እንደሚከተለው ነው። ሜዳ አንድ ነጥብ፣ ኮረብታና ጫካ ሁለት ሁለት፣ ተራራ፣ ረግረግና ጥልቀት የሌለው ውኃ ሦስት ሦስት ይፈጃሉ፤ ጥልቅ ውኃ ከነጭራሹ አያሳልፍም። ከዋጋው ጎን ለጎን መከላከያ አለ፤ በተዋጊው ላይ የተሰነዘረው ምት የሚስትበት ዕድል ማለት ነው። እግረኛ ሜዳ ላይ 40 በመቶ፣ ኮረብታ ላይ 50፣ ተራራ ላይና መንደር ውስጥ 60፣ ረግረግ ውስጥ ግን 20 በመቶ ብቻ ይከላከላል። ፈረሰኛው በየተራው ስምንት ነጥብ ስላለው ሜዳውን ይቆርጠዋል፤ ነገር ግን ተራራ ፈጽሞ አይወጣም፣ ጫካ ሦስት ነጥብ፣ ረግረግ አራት ነጥብ ይበላበታል።

እነዚህን ዋጋዎች ይዤ አገሩን በየክፍሉ መደብኩት። ደምቢያና ፎገራ ሣር ሆኑ። ከማክሰኝት ወዲያ ወደ እንፍራንዝ የሚሄደው መንገድ በስተ ምሥራቅ ከፍ እያለ በሚሄደው አገርና በሐይቁ መካከል ስለሚያልፍ በስተ ግራው ኮረብታና ተራራ፣ በስተ ቀኙ ጠባብ ሜዳ ተደረገለት። ፋርጣ በአብዛኛው ኮረብታ ሆነ፤ ጉና ደግሞ በካርታው ደቡብ ምሥራቅ ጥግ የተራራ ክምር ሆኖ ተቀመጠ።

ብዙ ያሳሰበኝ ጫካው ነው። ጨዋታው ከተሠራበት አገር ልማድ የተነሣ አብዛኞቹ ካርታዎች ሰፊና የተያያዘ ጫካ አላቸው፤ የእኛ ደጋና ወይና ደጋ ግን እንደዚያ አይደለም። አገር በቀሉ ዛፍ፣ ጽዱና ወይራው፣ ዋንዛው፣ ተጠብቆ የሚገኘው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጽር ዙሪያ ነው፤ የቀረው እርሻና ግጦሽ ነው። ስለዚህ ጫካውን በአንድ በአንድ ሄክስ በየቦታው በተንኩት። ይህ ለመልክ ብቻ አይደለም። ሰፊ ጫካ ሠራዊት ይሸሽጋል፤ የተበተነ አንድ ሄክስ ጫካ ግን ለአንድ ተዋጊ ብቻ መጠለያ ስለሚሰጥ ሜዳው ለፈረሰኛ ክፍት ሆኖ ይቀጥላል። የየጁን ፈረሰኛ አስፈሪ ያደረገው ሜዳ እንዲህ ያለው ነው። ባሕር ዛፍ በካርታው ላይ የለም፤ ዛሬ በጎንደር ዙሪያ ኮረብታውን የሸፈነው ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስለሆነ የ1845 ዓ.ም. ሰው አያውቀውም።

ጥቅምት አጋማሽ

ሁለቱን መናገሻዎች አስቀመጥኩ። በጨዋታው አዝማቹ አዲስ ተዋጊ የሚመለምለው ዋናው ግንብ ላይ ቆሞ ሲሆን፣ የተመለመሉት ደግሞ ከግንቡ ጋር በተያያዙት የቅጥር ሄክሶች ላይ ይቆማሉ፤ ስለዚህ ቅጥሩ የያዘው የሄክስ ብዛት በአንድ ተራ ስንት ሰው ማውጣት እንደሚቻል ይወስናል። የፋሲል ግቢ 70,000 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ልክ ከአንድ ሄክስ አንድ መቶኛውን ያህል ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ግንቡ ምልክት ነው፤ በዙሪያው ያሉት ስድስት የቅጥር ሄክሶች ከተማውንና አቅራቢያውን ይወክላሉ። ከተማው በአንገረብና በቃሃ መካከል ባለው ከፍታ ላይ መቀመጡን ለማሳየት በስተ ምሥራቅና በስተ ምዕራብ አንድ አንድ መስመር ጥልቀት የሌለው ውኃ አስወረድኩ፤ ሁለቱ ወንዞች በስተ ደቡብ ተገናኝተው መገጭን ይቀላቀላሉ፣ መገጭም ደምቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል።

ደብረ ታቦር ላይ የድንጋይ ግንብ መትከል ልክ መስሎ አልታየኝም። በራስ ጉግሣ የተቆረቆረችው የየጁ ራሶች መቀመጫ የጎንደርን ዓይነት የኖራ ግንብ አልነበራትም። ዌስኖዝ የጦር ሰፈር መልክ ያለው፣ ድንኳንና የእንጨት አጥር የሚታይበት ሌላ የቅጥር ዓይነት ስላለው እሱን ሰጠኋት። የጉዞ ዋጋውም መከላከያውም ከድንጋዩ ቅጥር ጋር እኩል ነው፤ ስለዚህ ሚዛኑ አልተነካም፤ የዘመኑም እውነት ተጠብቋል። ንጉሠ ነገሥቱ በግንቡ ስሙን ይዞ ተቀምጦ፣ ሥልጣኑ ግን በደብረ ታቦር ሰፈር የነበረበት ዘመን ነውና በዓይን ሲታይ ይህ ልዩነት መኖሩ ያስደስተኛል።

ኅዳር

ይህ ወር ያለፈው በአንድ መንገድ ላይ ነው። የካርታው እምብርት ይፋግ ነው። በዚያ ዘመን ይፋግ ከጎንደር ወደ ጎጃም በሚወስደው የንግድ መንገድ ላይ ያለ ትልቅ ገበያ ስለነበር፣ አሞሌ ጨውና ሌላውም ሸቀጥ የሚለዋወጥበት ስለነበር፣ የጨዋታው ሀብትም እዚያ መሰብሰብ አለበት። በጨዋታው መንደር የያዘ ወገን በየተራው ወርቅ ያገኛል፣ የተዋጊዎቹም ቀለብ ይቃለልለታል፣ እዚያ ያደረ ቁስለኛም በየተራው ስምንት የሕይወት ነጥብ ያገግማል። ይፋግን በሦስት ተጎራባች መንደሮች ሠራሁት፤ በካርታው ላይ ሦስት መንደር በአንድ ላይ ያለበት ሌላ ቦታ የለም።

ችግሩ ይፋግ በመሐል አለመሆኑ ነው። ከደብረ ታቦር ይልቅ ለጎንደር ይርቃል። በካርታዬ ላይ ከጎንደር እስከ ይፋግ መንገዱ 22 ሄክስ፣ ከደብረ ታቦር እስከ ይፋግ ደግሞ 14 ሄክስ ነው። ብዙ ካርታ ሠሪዎች እንዲህ ባለ ጊዜ ገበያውን ወደ መሐል ይስቡታል ወይም አንዱን ግማሽ ገልብጠው ለሌላው ይሰጣሉ። የጎንደርን አገር እየሳልኩ ይፋግን ከቦታው ማንሣት ግን አይሆንልኝም። ስለዚህ ርቀቱን ትቼ ዋጋውን ቆጠርኩ።

ከጎንደር የሚነሣው መንገድ 18 ሜዳና በእንፍራንዝ በኩል 4 ኮረብታ አለው፤ ድምሩ 26 ነጥብ ነው። አምስት ነጥብ ያለው እግረኛ ይህን በስድስተኛው ተራ ይጨርሳል። ከደብረ ታቦር የሚወርደው መንገድ ደግሞ 9 ኮረብታና 5 ሜዳ ነው፤ ድምሩ 23። በቁጥር ብቻ ሲታይ ደብረ ታቦር ቀዳሚ ነው፤ አምስት ሲካፈል ለሁለት ግን ቀሪ አለው። እግረኛው በአንድ ተራ ሁለት ኮረብታ ይሻገርና አንድ ነጥብ ይተርፈዋል፤ የተረፈችው ነጥብ ለሦስተኛው ኮረብታ አትበቃም፣ ወደሚቀጥለው ተራም አትተላለፍም። በዚህ የተነሣ በአራት ተራ ስምንት ኮረብታ ብቻ ያልፋል፤ በአምስተኛው ቀሪውን ኮረብታና ሦስት ሜዳ፣ በስድስተኛው የመጨረሻዎቹን ሁለት ሜዳዎች ይሄዳል። ሁለቱም ወገኖች በስድስተኛው ተራ ይፋግ ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ረጅም ሜዳ፣ ሌላው አጭር ቁልቁለት፣ ድካማቸው ግን እኩል ሆነ።

ፈረሰኛውን ስቆጥር እኩልነቱ ፈረሰ። የፈረሰኛው ስምንት ነጥብ ለሁለት እኩል ይካፈላልና ኮረብታ ላይ ምንም ትርፍ አያባክንም፤ በአንድ ተራ አራት ኮረብታ ይሻገራል። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በሁለት ተራ ስምንት ኮረብታ፣ በሦስተኛው አንድ ኮረብታና አምስት ሜዳ ይጨርስና ይፋግ ይገባል። የጎንደሩ ፈረሰኛ 26 ነጥብ ስላለበት አራት ተራ ይፈጅበታል። በፈረሰኛ የአንድ ተራ ቅድሚያ ማለት ሦስቱንም መንደሮች ከያዘ ጠላት ጋር መጋጠም ማለት ስለሆነ እንዲሁ የሚተው ልዩነት አይደለም።

መፍትሔው አንድ ሄክስ ተራራ ሆነ። በቁልቁለቱ መሐል ስድስተኛውን ኮረብታ ወደ ተራራ ለወጥኩት። እግረኛው በሦስተኛው ተራ አንድ ኮረብታና አንድ ተራራ ያልፋል፤ ሁለትና ሦስት አምስት ስለሚሆን ቀድሞ ይባክን የነበረው ነጥብ ተራራው ላይ ዋለ፤ አሁንም በስድስተኛው ተራ ይደርሳል። ፈረሰኛው ግን ተራራ ስለማይወጣ በጎን ዞሮ አንድ ሄክስ ይጨምራል፤ 10 ኮረብታና 5 ሜዳ 25 ነጥብ ይሆንበትና የመጨረሻዋን ሜዳ ለአራተኛው ተራ ያሳድራታል። አሁን እግረኛውም ከእግረኛው፣ ፈረሰኛውም ከፈረሰኛው ጋር እኩል ይደርሳል። ከፋርጣ ወደ ሪብ ሸለቆ የወረደ ሰው ያን አገር በፈረስ በቀጥታ መውረድ የማይቻልበት ቦታ እንዳለ ያውቃል፤ ስለዚህ ሄክሷ ለሚዛን ስትባል ከሌላ ቦታ የመጣች አይደለችም።

ታኅሣሥ

ጣናን ጨረስኩ። ሐይቁ በሙሉ ጥልቅ ውኃ ነው፤ ዳርቻው ብቻ አንድ ረድፍ ጥልቀት የሌለው ውኃ ተደርጎለታል፤ በጎርጎራ በኩል ደግሞ ደንገል የሚበቅልበትን ለማሳየት ጥቂት ረግረግ ገብቶበታል። ታንኳ ለመጨመር አስቤ ትቼዋለሁ፤ የደንገል ታንኳ ሰውና እህል ያሻግራል እንጂ ጦር አያዘምትም።

ደሴቶቹን በተመለከተ የወሰንኩት ውሳኔ አለ። በደሴት ላይ መንደር ማስቀመጥ ለጨዋታው ይጠቅማል፤ ሆኖም የጣና ደሴቶች የገዳማት ናቸው። ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አጽም ያረፈበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ ወርቅ የሚገኝበትና በየተራው ባንዲራ የሚለዋወጥበት መንደር አላደርገውም። በካርታው ላይ ይታያሉ፤ ነገር ግን የሚያዙ አይደሉም። በየብስ ያሉትም አብያተ ክርስቲያናት እንዲሁ ጫካቸው መጠለያ ይሆናል እንጂ ገቢ አያስገቡም።

ታኅሣሥ መጨረሻ

እስካሁን የሠራሁት የበጋ አገር ነው። የአገሩን ግማሽ ብቻ ማለት ነው። ከላይ የጠቀስኳቸውን ውጊያዎች ወሮች ልብ ብሎ ላየ፣ ኅዳር፣ ሚያዝያና ሰኔ ናቸው፤ ካሣ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል ያደረጉትም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሠራዊት ይከርማል እንጂ አይዘምትም። ምክንያቱን ፎገራንና ደምቢያን በክረምት ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁለቱም ዋልካ መሬት ናቸው፣ ሁለቱም የጣናን ዳር ይዘው የተኙ ናቸው፣ ዝናቡ ሲጠነክር ውኃ ይተኛባቸዋል። ጥቁሩ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ ይመስላል፤ ሲርስ ደግሞ የሰውን እግርና የፈረስን ኮቴ ይዞ አይለቅም።

ዌስኖዝ ለዚህ መንገድ አለው። ከካርታው ጋር በሚያያዘው የጨዋታ ፋይል ውስጥ፣ በተወሰነ ተራ ላይ የሚነቃ ክስተት መጻፍ ይቻላል፤ ክስተቱም የመረጥናቸውን ሄክሶች የመሬት ዓይነት ይለውጣል። ለጥቂት ሄክስ ቁጥራቸውን መዘርዘር ይበቃል፤ ለሰፊ ቦታ ግን ሌላ ትንሽ ካርታ ሠርቶ በዋናው ላይ መደረብ ይሻላል፤ በተደራቢው ላይ ባዶ የተተወው ሄክስ በዋናው ላይ እንዳለ ይቆያል፣ የተቀባው ብቻ ይለወጣል። እኔ ለፎገራ አንድ፣ ለደምቢያ አንድ ተደራቢ አዘጋጀሁ።

የቀረው ጥያቄ ምን ቀድሞ ምን ይከተላል የሚለው ነበር። ለዚህ በወጣትነታቸው ከፎገራ ከብት እየገዙ ጎንደር ይነዱ የነበሩትን አጎቴን ጠየቅኳቸው። «አጎቴ፣ አንቱ በክረምት ሪብን ስትሻገሩ መጀመሪያ የሚከፋው ሜዳው ነው ወይስ ወንዙ?» አልኳቸው። «ወንዙ ነው እንጂ ልጄ» አሉኝ። «ሪብ የፎገራን ዝናብ አይጠብቅም። ጉና ላይ ከዘነበ እኛ ዘንድ ፀሐይ እየመታን ድፍርስ ሆኖ ይመጣል። ሜዳው ገና ደረቅ ነው ብለህ ከብት ነድተህ ስትደርስ መልካው የለም። ያን ጊዜ ወይ ወደ ድልድዩ መዞር ነው፣ ወይ እስኪጎድል ማደር።»

ይህ አነጋገር የክስተቶቹን ቅደም ተከተል ወሰነልኝ። ጨዋታው ሰኔ 1 ይጀምራል፤ አንድ ተራ ሁለት ቀን ስለሆነ 30 ተራ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይዘልቃል። በበጋ ሪብ ላይ ያሉት መሻገሪያዎች በጨዋታው መልካ የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ መልካ ለእግረኛ እንደ ሜዳ አንድ ነጥብ ብቻ ይፈጃል። በ10ኛው ተራ፣ ማለትም ሰኔ 19፣ መልካዎቹ ሁሉ ጥልቅ ውኃ ይሆናሉ፤ የሚቀረው መሻገሪያ ድልድዩ ብቻ ነው። በሪብ ላይ ያለው የድንጋይ ድልድይ በፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራልና በ1845 ዓ.ም. ካርታ ላይ መኖሩ ተገቢ ነው። በ16ኛው ተራ፣ ሐምሌ 1፣ የፎገራና የደምቢያ የሐይቅ ዳር ክፍል ረግረግ ይሆናል፤ በ22ኛው ተራ፣ ሐምሌ 13፣ ረግረጉ ሜዳውን አብዛኛውን ይሸፍናል። በየክስተቱ ዋዜማ «ጉና ላይ ደመና ተከምሯል» የሚል አጭር ማስታወቂያ ለሁለቱም ተጫዋቾች ይወጣል፤ ምክንያቱም ሄክሱ ጥልቅ ውኃ ሲሆን መልካው ላይ የቆመ ተዋጊ ከጨዋታው አይወጣም፣ እዚያው ተጋልጦ ይቆማልና፤ ይህ ያለ ማስጠንቀቂያ ቢደርስ ፍርድ አይደለም።

ረግረጉ የሚያመጣውን ለውጥ በቁጥር ላስቀምጥ። እግረኛ በአምስት ነጥቡ አንድ ሄክስ ረግረግ ያልፋል፤ ሁለት ነጥብ ይተርፈዋል፣ ለሁለተኛው ግን አይበቃውም። ሰኔ ላይ በአንድ ተራ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ሐምሌ ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ፈረሰኛው ከስምንት ሄክስ ወደ ሁለት ይወርዳል። ሁለቱም በ20 በመቶ መከላከያ ይቆማሉ። ፎገራ ላይ በበጋ ጌታ የነበረው ፈረሰኛ በክረምት ከሁሉ የተጋለጠው ይሆናል። የደብረ ታቦሩ ተጫዋች ይህን እያወቀ ከ10ኛው ተራ በፊት ይፋግን ይዞ ወንዙን ከኋላው ያደርግ ወይስ ከወንዙ በስተ ደቡብ ቆሞ ሠራዊቱን ያድን፣ ይህ የካርታው ዋና ጥያቄ ነው።

ጥር

ከጥምቀት በኋላ ካርታውን ለጓደኞቼ ሰጥቼ አንድ ቤት ተሰብስበን በኔትወርክ እየተገናኘን ስንጫወት ሰነበትን። የተዋጊዎቹን ዝርዝር ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት አድርጌዋለሁ፤ ጦረኛ፣ ቀስተኛ፣ ቀላል ፈረሰኛና ከባድ ፈረሰኛ ብቻ። ጨዋታው የሚያመጣቸው በክንፍ የሚበሩና በውኃ የሚኖሩ ፍጡራን እዚህ ካርታ ላይ ቢገቡ ረግረጉና ተራራው ትርጉም ያጣሉ። ጨዋታው በስድስት ተራ አንድ ጊዜ የሚያመላልሰውን ቀንና ሌሊትም አንሥቼዋለሁ፤ አንድ ተራ ሁለት ቀን በሆነበት ካርታ ሌሊት ብቻውን አንድ ተራ ሊይዝ አይችልም።

ሙከራው ያሳየው ዋናው ነገር ከ10ኛው ተራ በኋላ ይፋግን የያዘው የጎንደር ወገን ከመጠን በላይ መጠበቁ ነው። ሪብ ከሞላ በኋላ ከደቡብ የሚመጣው ሠራዊት በአንዲት ድልድይ ብቻ ስለሚያልፍ፣ ድልድዩ አፍ ላይ የቆሙ ሁለት ጦረኞች ብዙ ሰው ያግዳሉ። ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ወንዝ የሚሠራው እንዲህ ነው። ነገር ግን ጎንደርም በበኩሉ በክረምቱ ሊጎዳ ይገባው ነበር። ስለዚህ ሁለት ለውጥ አደረግኩ። አንደኛ፣ ከእንፍራንዝ ከፍታ ወደ ጣና የሚወርዱትን ጅረቶች በ16ኛው ተራ ጥልቀት ወደሌለው ውኃ ለወጥኳቸው፤ ከጎንደር ወደ ይፋግ የሚሄድ ደጀን ከዚያ በኋላ በየጅረቱ ሦስት ነጥብ ይከፍላል። ሁለተኛ፣ ከጎንደር ስምንት መንደሮች ሁለቱ፣ ቆላድባና ጎርጎራ፣ ደምቢያ ረግረግ ሲሆን ከከተማው ተቆርጠው ይቀራሉ። የደብረ ታቦር ስምንት መንደሮች ግን በአብዛኛው ፋርጣ ላይ፣ እንዲሁም በእብናትና በማኅደረ ማርያም በኩል በደረቅ ከፍታ ላይ ስላሉ የሚሰጋው ወረታ ብቻ ነው። አንዱ ወገን ግንባሩ ይጠበቅለታል፣ ጓሮው ይከፈትበታል፤ ሌላው ግንባሩ ይዘጋበታል፣ ጓሮው ይጠበቅለታል። ከለውጡ በኋላ በተደረጉት ጨዋታዎች ድሉ ወደ ሁለቱም ጎን ሲሄድ አይቻለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ ደስ ያለኝ ግን ከሰኔ በኋላ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ሠራዊታቸውን ወደ መንደር መልሰው ቁስለኛ ማዳን መጀመራቸው ነው። እንዲከርሙ ማንም አልነገራቸውም።

ኮምፒውተሩን ባላጋራ አድርጎ መጫወት ግን በዚህ ካርታ አይመከርም። የኮምፒውተሩ ወገን መንገዱን የሚያሰላው አሁን ባለው መሬት ስለሆነ በ15ኛው ተራ ፈረሰኞቹን ሐይቅ ዳር ያሰልፍና በ16ኛው ረግረግ ውስጥ ያገኛቸዋል። ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

የካቲት

የቀሩትን አነስተኛ ሥራዎች እያጠናቀቅኩ ነው። በጫፍ ያሉት ሄክሶች ተጫዋች የማይደርስባቸው የካርታው ጠርዝ ስለሆኑ በጎናቸው ያለውን መሬት እንዲቀጥሉ አድርጌ ቀባኋቸው። የጉዛራን ግንብ እንፍራንዝ አጠገብ ካለው ኮረብታ ላይ አኖርኩት፤ መመልመያ አይደለም፣ ነገር ግን እዚያ የቆመ ተዋጊ በቅጥር ውስጥ እንዳለ 60 በመቶ ይከላከላል፤ ከጣና ዳር የሚያልፈውንም መንገድ ከላይ ይቆጣጠራል። የቦታዎቹን ስም በግዕዝ ፊደል ጽፌ ፋይሉን በዩኒኮድ አስቀምጫለሁ።

አሁን የሚቀረኝ የመነሻው ወርቅ መጠን ነው። ካርታው ሰፊ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ የተመለመለው ሠራዊት ይፋግ እስኪደርስ ድረስ ምትክ አይደርስለትም፤ ወርቁ ሲበዛ የመጀመሪያው ግጭት ሁሉንም ይወስናል፣ ሲያንስ ደግሞ ሰኔ ሳይጋጠሙ ያልቃል። ለሁለቱም እኩል መካከለኛ ወርቅ ሰጥቼ፣ ቀሪውን ከመንደር እንዲያገኙት አድርጌ እየሞከርኩ ነው። ይህ ሲረጋ ካርታውን፣ ሁለቱን ተደራቢዎችና የክስተት ፋይሉን በአንድ ማኅደር አድርጌ ለማንም እንዲወርድ አወጣዋለሁ፤ ቀጥሎ የምጀምረው ወገራን አልፎ እስከ ደረስጌ የሚደርሰው የሰሜን ካርታ ነው፤ እሱ በአብዛኛው ተራራና ገደል ስለሆነ ፈረሰኛ የሌለበት ዝርዝር ያስፈልገዋል።